ለሁለት የሚበቃ ባና

ፅዮንዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጊሼ ራቤል በደህና ገባሁ፤ ብርዱ ከእኛ ከዓለም ከተማ ጋር አይገናኝም። አውቶቡስ ውስጥ ልቀመጥ ስል ረዳቱ፣ «እሷ ከተቀመጠች ሌላው መውረዱ ነው» አለና ሰው ሁሉ ሳቀ። ወርጄ ወደ ቤት ልመለስ ቃጣኝ። ያኔ አንዲት የማላውቃቸው እናት ጠጋ ብለው የበግ ጠጉር ባናቸውን ገለጡልኝ። «ነይ ልጄ፣ ለጊሼ ብርድ እንዳንቺ ያለች ናት የምትፈለግ» አሉኝ። እሳቸውም ያሾፉብኝ መስሎኝ ነበር። ግን ባናውን ለሁለታችን ደርበው ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው። እንዳይነቁብኝ ብዬ እስክንደርስ አልተነቃነቅሁም። ክፍል ውስጥ እንዲህ የምትጠጊልኝ አንቺ ነሽ፤ አመስግኜሽ ግን አላውቅም። እግዜር ይስጥልኝ።

የፖስታ ካርዱ ሞላብኝ፤ የአያትሽን የእማማ ወለተኪዳንን ጉልበት ሳሚልኝ። ዴስካችን ላይ ቦታዬን ሰፋ አድርገሽ ያዢልኝ።

ሀይማኖት