የጋሼ የኩሽኔታ ጋሪ

ሰኞ፣ ጥቅ. 3፣ ከጠዋቱ 4 ሰ.

የጠዋት ሽያጭ፦ የሚኒባስ ኩሽኔታ ሁለት፣ የባጃጅ አራት፣ የፍሬን ሸራ አንድ። በነፃ ስጪን ብለው የመጡ፦ ሰባት። ሁሉም ፂማቸው የሸበተ። ሁሉም ያለቀ ኩሽኔታ ፈላጊ።

ጣጣው የእድራችን ነው። እሑድ መንገዱ ለመኪና ሲዘጋ የልጅነት ጨዋታ ይኑር ተባለ። ብይ፣ ሰኞ ማክሰኞ፣ ገመድ ዝላይ። ይሁን። ግን ከቁልቁለቱ አናት በኩሽኔታ ጋሪ መንደርደርም አለበት። ቀባሪው እድር ለራሱ ሥራ ሊፈጥር ነው።

ከምሳ በኋላ። ስምንተኛው ሰው ጋሼ ሆኖ አረፈው። ታላቅ ወንድሜ፣ ጡረታ ከወጣ ወዲህ አርፎ መቀመጥ ያቃተው። ከመኪና አደጋው ጀምሮ ቀኝ ጉልበቱ ውስጥ ብረት አለ፤ ደረጃ እንኳ በጎን ነው የሚወርደው። አራት ኩሽኔታ ስጪኝ አለ። ብከለክለው ከጎረቤት ሱቅ ይገዛል። ስለዚህ ከጓዳ ዝገው የተጣበቁትን መርጬ ሰጠሁት። በመዶሻ ቢመቷቸው የማይዞሩ። አመስግኖኝ ሄደ። ነገሩ አበቃ።

ረቡዕ፣ ጥቅ. 5፣ ከቀኑ 8 ሰ.

አላበቃም። የጋሼ ሚስት አልማዝ ሱቅ ድረስ መጣች፣ እጇ ገና ሊጥ እንደነካው። ደንበኛ ፊት ወረደችብኝ። ኩሽኔታዎቹን በልብስ ሳፋዋ በነጭ ጋዝ ዘፍዝፎ አሳድሯቸዋል። ሳፋው ከእንግዲህ ልብስ አያጥብም። ኩሽኔታዎቹ ግን እንደ አዲስ ይሽከረከራሉ።

ማስታወሻዬ፣ አንተ ታዘበኝ። ዝገት በነጭ ጋዝ እንደሚለቅ ያስተማረኝ ማን ሆነና? በዚያ እውቀት አይደል ሱቅ የከፈትኩት? ብልጥ ነኝ ስል።

ከቀኑ 10 ሰ. ደንበኛ የለም። ይኸው የድሮውን አስባለሁ፣ ሳልፈልግ። ጋሪው ላይ ሁለት እንቀመጣለን። ትንሹ ከፊት ሆኖ በገመድ ይመራል። ትልቁ ከኋላ። ፍሬኑ የሱ ተረከዝ ነው፤ ከመኪና ጎማ በተሠራ በረባሶ አስፋልቱን እየፋቀ ከቁልቁለቱ ግርጌ ያለው ድልድይ ሳይበላን ያቆመናል። የሰፈሩ ወንዶች ሴት ልጅ እዚህ ምን ትሠራለች ብለው ሲስቁበት ጋሼ ገመዱን አቀበለኝ። ጥርሴ የተሸረፈው እዚያ ነው። የጎማ ቃጠሎ፣ የእናታችን አለንጋ፣ ማታ በጨው መጉመጥመጥ። ምኑ ነው የሚናፈቀው?

በማግስቱም ሄጃለሁ። እሱን ልካድ አልልም።

ዓርብ፣ ጥቅ. 7፣ ከቀኑ 11 ሰ.

ሱቁን ቀድሜ ዘግቼ ቤቱ ሄድኩ። ልጣላው። ጋሪውን ግቢው ውስጥ ደፍቶ ሚስማር ይመታል። ጉልበቱን፣ ዕድሜውን፣ ድልድዩን፣ የአልማዝን ሳፋ፣ አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ። እሱ መምታቱን ቀጠለ።

«በየትኛው እግርህ ልታቆመው ነው?» አልኩት።

መዶሻው ቆመ። ጋሪውን አነሳና በኩሽኔታዎቹ አስቀመጠው። ያኔ አየሁት። ረጅም ነው፤ ለሁለት ሰው። የፊተኛው መቀመጫ ላይ ስፖንጅ ቸንክሯል፤ ለሱ ጉልበት እንዲመች። የኋላው ባዶ ሳንቃ ነው።

«ገመዱን እኔ እይዛለሁ» አለ፣ ቀና ሳይል። «ከኋላ ሰው ካጣሁ፣ እንግዲህ ብቻዬን ነው።»

ነይልኝ ማለት ዕድሜውን ሙሉ አልሆነለትም። ከነሳፋው፣ ከነብረቱ፣ ከነግትርነቱ ያናድደኛል።

እንደ ነጋዴ አሰብኩት። ጋሪውን ብሰብርበት ሌላ ይሠራል። አልማዝ በር ብትቆልፍበት በአጥር ይወጣል። ብተወው ያለ ፍሬን ይወርዳል። የእኔ ጉልበት ደህና ነው።

የማይረባ ሽማግሌ አልኩት። ገና እሺ ሳልለው ማዘዝ ጀመረ።

«ሚጣ፣ ተረከዝሽን አስቀድሚ። ጣትሽን አይደለም።»

ሃምሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ሚጣ።

ነገ፦ ሱቅ ከመክፈቴ በፊት መርካቶ። በረባሶ፣ አንድ ጥንድ፣ 39 ቁጥር። ጎማው ወፈር ያለ።