«የወጣውን ጠጡ»፦ የመምህርት እልፍነሽ ወዬሳን ዕረፍት በማስመልከት የተሰጠ የሐዘን መግለጫ

የስምጥ ሸለቆ ከተሞች የሳይንስ መምህራን ማኅበር፣ መሥራች አባሉና ለረጅም ጊዜ የሥልጠና ክፍል ኃላፊው የነበሩት መምህርት እልፍነሽ ወዬሳ ባደረባቸው ሕመም በአዳማ ሲታከሙ ቆይተው ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማረፋቸውን ለአባላቱ፣ ለቀድሞ ተማሪዎቻቸውና ለመላው ሕዝብ የሚያስታውቀው በከባድ ሐዘን ነው። ሥርዓተ ቀብራቸው በማግስቱ በትውልድ ከተማቸው በመቂ ተፈጽሟል። ሐዘናችን ጥልቅ ነው። ኩራታችንም ከሐዘናችን አያንስምና ይህን መግለጫ የምናወጣው ሁለቱንም ይዘን ነው።

መምህርት እልፍነሽ በ1958 ዓ.ም. በመቂ ተወለዱ። በአካባቢው የጉድጓድ ውኃ እየጠጡ እንዳደጉት ብዙ ሰዎች ሁሉ ጥርሳቸው የበለዘ ነበር። በማስተማር ላይ ሳሉ ድምፃቸው ከግቢው አጥር ውጭ ይሰማል፤ ሲስቁ ግን እጃቸው ቀድሞ አፋቸውን ይሸፍን ነበር። ይህን ልማዳቸውን የማያውቅ የማኅበራችን አባል የለም።

በ1978 ዓ.ም. ከመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ተመርቀው ከመቂ ወጣ ብሎ በሚገኘው የኦዳ ሆራ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመደቡ። በዚያም ሃያ አራት ዓመት አገልግለዋል።

በ1991 ዓ.ም. ለአምስተኛ ክፍል የውኃ ዑደትን ሲያስተምሩ፣ ባሕርና በረዶ የለበሰ ተራራ የተሳለበትን የመጽሐፉን ገጽ አስዘጉ። ከክፍሉ ውስጥ ባሕርም በረዶም ያየ ልጅ አልነበረም። በምትኩ ከትምህርት ቤቱ ጉድጓድ የተቀዳ ውኃ በብረት ድስት አድርገው ቡታጋዝ ላይ ጣዱ። እንፋሎቱ ክዳኑ ላይ ተጠራቅሞ ሲንጠባጠብ በብርጭቆ ተቀበሉት። ውኃው አልቆ ድስቱ ሲደርቅ ከታች ነጭ ቅርፊት ቀረ። በውኃው ውስጥ የነበረውና ጥርስ የሚያበልዘው ፍሎራይድ ከዚያ ቅርፊት ጋር እንደሚቀር፣ ደመናም ከላይ እንደ ክዳኑ መሆኑን አስረዱ።

ያደታ የተባለ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ «ቲቸር፣ ታዲያ ዝናብ የሚጠጣ ልጅ አይበልዝም ማለት ነው?» ሲል ጠየቀ። ከዚያ በኋላ የሠሩት ሥራ በሙሉ ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነበር ብንል አናጋንንም።

መልሱ ግን ለጠያቂውና ለክፍል ጓደኞቹ የሚያስደስት አልነበረም። ቋሚ ጥርስ የሚበልዘው ከድድ ሳይወጣ፣ ገና ሲሠራ ነው። ለአምስተኛ ክፍል ልጆች ጊዜው አልፏል። መምህርት እልፍነሽ ይህን አልደበቁም። «ለእኔና ለእናንተ አልተደረሰም፤ ለታናናሾቻችሁ ግን እንደርሳለን» አሏቸው። ልጆቹም ለታናናሾቻቸው ንጹሕ ውኃ የማዳረሱን ሥራ ለራሳቸው እንደማይጠቅማቸው እያወቁ ጀመሩት። ማኅበራችን በእነዚያ ልጆች ዛሬም ይኮራል።

በ1992 ዓ.ም. አንድ እንቅፋት ገጠመ። ልጆቹ ትምህርቱን ቤታቸው ሲያወሩ ወላጆች የሰሙት «ውኃ ይፈላ» የሚለውን ብቻ ነበር። ውኃ ማፍላት ለሌላው በሽታ ደግ ነገር ነውና ማንም አልጠረጠረም። ወይዘሮ ዋፊቃ የተባሉ የተማሪ እናት፣ «እኔማ ግማሹ እስኪያልቅ ነው የማፈላው፣ ለሕፃኑ አልሰስትም» ብለው በኩራት በነገሯቸው ጊዜ መምህርት እልፍነሽ ደነገጡ። ንጹሑ በእንፋሎት እየበነነ፣ ፍሎራይዱ የጠነከረበት ቀሪ ውኃ ለሕፃናቱ እየተሰጠ ነበር። ያን ዓመት ከትምህርት ሰዓት ውጭ ድስትና ክዳን ይዘው በየቤቱ ዞሩ። «የወጣውን ጠጡ፣ የቀረውን ተዉ» የሚለው ቃላቸው መፈክር ሆኖ የቆየው ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ነው። ወይዘሮ ዋፊቃም ሳይቀየሙ አብረዋቸው ዞረዋል።

በ1993 ዓ.ም. በትምህርት ቤቱ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አሸንዳ ተገጥሞ፣ ከሥሩ በርሜሎች ቆሙ። ተማሪዎቹ የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን አቧራ አጥቦ እንዲፈስ እየለቀቁ፣ ቀጥሎ የሚወርደውን አጠራቅመው በክሎሪን እያከሙ ለታናናሾቻቸው በጀሪካን ወሰዱ። የአካባቢው ሽማግሌ ኦቦ ጆቴ ቀምሰው፣ «ይሄ ምን ጣዕም አለው? ውኃ አይመስልም!» ብለው ተቃወሙ። «ኦቦ፣ እርስዎ የለመዱትን ይጠጡ፤ ሕፃናቱን ብቻ ለእኔ ይተዉልኝ» ሲሉ መምህርት እልፍነሽ መለሱላቸው። ኦቦ ጆቴ የዝናብ ውኃ ሳይወዱ ኖሩ፤ ነገር ግን በቀጣዩ ክረምት ሁለተኛው አሸንዳ የተሰቀለው በእሳቸው ጣሪያ ላይ ነበር።

መምህርት እልፍነሽ በ2002 ዓ.ም. ወደ አዳማ ተዛውረው፣ በማኅበራችን የሥልጠና ክፍል አማካይነት ከቢሾፍቱ እስከ ባቱ የሚገኙ መምህራንን አሠልጥነዋል። ሥልጠናው የሚጀመረው ሁልጊዜ በድስቱ ነበር። የቧንቧ ውኃ በፈረቃ ለሚያገኙት የአዳማ ልጆች ደግሞ፣ በክረምት ከኮረብታው ወርዶ መንደራቸውን የሚያጥለቀልቀው ጎርፍ በበጋ የሚናፍቁት ውኃ መሆኑን አሳይተዋቸዋል። ስብሰባ ላይ ግን አስቸጋሪ ነበሩ። ደመና ከጠቆረ አጀንዳ አይገዳቸውም፤ አሸንዳ ሊያዩ ተነሥተው ይወጣሉ። ቃለ ጉባኤ ያዣችን «በፈቃድ» ብሎ ይጽፍ ነበር፤ ፈቃድ ግን ጠይቀው አያውቁም።

በሕመማቸው ወቅት ሊጠይቋቸው የሄዱ የኮሚቴ አባላትን የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የኦዳ ሆራ አሸንዳ ከሰኔ በፊት መጠረጉን። በዕለቱ አልተጠረገም ነበር። በቀብራቸው ሳምንት የቀድሞ ተማሪዎቻቸው፣ ዛሬ የልጆች አባት የሆነውን ያደታን ይዘው፣ ጠርገውታል። የአበባ ጉንጉን ለማምጣት ያሰባችሁ ወዳጆች ሁሉ፣ በምትኩ በአቅራቢያችሁ ያለ የአንድ ትምህርት ቤት አሸንዳ ዝናብ ሳይቀድማችሁ እንድትጠርጉ ማኅበሩ በአክብሮት ይጠይቃል።

ለባለቤታቸው ለአቶ ሰይፈሚካኤል፣ ለልጃቸው ለሰብለወንጌል፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸውና በየከተማው «ቲቸር» እያሉ ለሚጠሯቸው ሁሉ እግዚአብሔር ብርታቱን ይስጥልን። ሐዘኑ የእናንተ ብቻ እንዳልሆነ እወቁልን።

ከዚህ መግለጫ ጋር ስለወጣው ፎቶግራፍ አንድ ነገር ማከል እንወዳለን። ቤተሰባቸው ባሳየን ፎቶ ሁሉ መምህርት እልፍነሽ ወይ አፋቸውን ገጥመዋል፣ ወይ በእጃቸው ሸፍነዋል። ይኸኛው ብቻ ይለያል። በ2008 ዓ.ም. ለጉብኝት ወደ ኦዳ ሆራ በተመለሱ ጊዜ የተነሣ ነው። ከፊታቸው የቆመችው የያደታ ልጅ ሜቲ ናት፤ ከተወለደች ጀምሮ የጠጣችው የዝናብ ውኃ ነው። የወተት ጥርሶቿ ወልቀው አዲሶቹ ሁለት የፊት ጥርሶቿ የወጡት በዚያ ሰሞን ነበር፤ አፏን ከፍታ እያሳየቻቸው ነው። ጥርሶቿ ነጭ ናቸው። መምህርት እልፍነሽም ይስቃሉ፤ ሁለቱም እጆቻቸው በልጅቷ ትከሻ ላይ ናቸው።

የማኅበሩ ሥራ አመራር ኮሚቴ
አዳማ፣ ግንቦት 2017 ዓ.ም.