ለምሳ የፈረምሽው ወረቀት

ይድረስ ለእታለም ላጢፋ፣ ጅቡቲ፣ ኦቦክ

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ነሽ እታለም? ጉልበትሽስ? ሙቀቱ ገና ሳይብስ እንዲህ ካማረረሽ ሐምሌን እንዴት ልትችዪው ነው? ባለቤትሽ ኡመይር ከባሕር በደህና ይመለሳል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ኮንዶሚኒየሙ ውኃ የሚያገኘው በሳምንት አንድ ቀን ስለሆነ አራተኛ ፎቅ ድረስ ጀሪካን መሸከም ወገቤን ቆርጦታል እንጂ ሌላ ችግር የለብንም። ይህን ያስጻፈኝ የራስሽ ጉዳይ ነው። በስልክ የሚነገር አይደለም፤ ሾፌሩ ታጁ ጅቡቲ ድረስ ይዞት መጥቶ በጀልባ ይልክልሻል።

የምሠራበት የጥናት ድርጅት ባለፈው ወር አንድ ወፍራም ጥራዝ እንዳርም ሰጠኝ። የቀጣናው አገሮች የባሕር ዳርቻ ሀብታቸውን እንዴት እንደሚጠብቁ፣ የአየር ንብረት ለውጡንም እንዴት እንደሚቋቋሙ የሚያቅድ ነው። እውነቱን ልናገር፣ አብዛኛው ትክክል ነው። ባሕሩ እየገፋ ነው፤ ጉድጓዳችሁ ጨው ጨው ማለቱን አንቺው ነግረሽኛል። ማዕበሉን ይመልስ የነበረው የባሕር ዳር ዛፍ ተጨፍጭፏል። ዛፉ ይተከል፣ ዓሣ በሚራባበት ወር መረብ አይጣል ይላል፤ ይበል። የናንተ ሰፈር ግን ካርታው ላይ ቢጫ ተቀብቷል። ቢጫ ማለት መጀመሪያ የሚነሣ ማለት ነው። የምትሄዱበት ከባሕሩ ስድስት ኪሎ ሜትር የራቀ ድንጋያማ ሜዳ ነው። ውኃ የሚገባለት በሁለተኛው ምዕራፍ ነው፤ ሁለተኛው ምዕራፍ መቼ እንደሆነ አልተጻፈም። ኡመይር ጀልባውን የት እንደሚያስርም ያሰበ የለም።

አባሪው ውስጥ ተስማሙ የተባሉ ነዋሪዎች ስም ዝርዝር አለ። በዐረብኛና በፈረንሳይኛ ከተጻፉት መካከል፣ ተራ ቁጥር ሠላሳ ሰባት ላይ፣ በአማርኛ ላጢፋ የሚል አየሁ። ፊደል ያስቆጠርሽኝ አንቺ ነሽ፤ የእጅ ጽሑፍሽን የትም ባየው አልስተውም። ስደውልልሽ ምን እንዳልሽኝ ታስታውሻለሽ? ስብሰባ ጠርተው ሩዝና ዓሣ አበሉን፣ ወረቀት የያዘው ልጅ ፈርሚ አለኝ፣ ፈረምኩ፤ በልቼ ልካድ እንዴ ብለሽ ሳቅሽ። እኔ አልሳቅኩም።

በማግስቱ ቢሮ ገብቼ ጮኽኩ። እህቴን በአንድ ሳህን ሩዝ ከቤቷ ልታስወጧት ነው አልኩ፤ ከዚያም የከፋ ተናገርኩ። አለቃዬ የሺዋስ ዕድሜው የልጄ ነው። እስክጨርስ ጠበቀኝና፣ ጋሼ ሙሀመድአወል፣ ቅጹ እኮ የእርስዎ ነው አለኝ።

የእኔ ነው እታለም። ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት የአቃቂ ወንዝ ዳር ነዋሪዎች ከጎርፍ እንዲነሡ ስናቅድ፣ ሰዉ አንዴ ለመገኘቱ አንዴ ለመስማማቱ መፈረም ሰለቸው። እኔም ሁለቱን ወረቀት አንድ አደረግኳቸው። ዕቅዱን ሰምተን ተስማምተናል የምትል አንዲት መስመር ከላይ ጨመርኩ። ተመሰገንኩበት። ወንዙ ዳር ጎመን ታለማ የነበረች አስካለማርያም የምትባል ሴት፣ እኔ ለመምጣቴ እንጂ ለመሄዴ መች ፈረምኩ ብላ ስትጠይቀኝ መስመሯን በጣቴ አሳየኋት። በጣቴ! ዛሬ ኮዬ ፈጬ ትኖራለች። የታክሲ ሰልፍ ላይ ስንገናኝ በትሕትና ሰላም ትለኛለች፤ ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። ቅጹ ከቢሮ ቢሮ ሲገለበጥ፣ ወደ ፈረንሳይኛ ተተርጉሞ አንቺ ዘንድ ደረሰ።

አሁን ስሚኝ። አስተያየት የሚቀበሉት እስከ ሰኔ 15 ብቻ ነው። የገጹንና የካርታውን ኮፒ አያይዤልሻለሁ፤ ልጅሽ ተቅዋ ፈረንሳይኛውን መስመር በመስመር ታንብብልሽ። ከዚያ ያሰብሽውን በእጅሽ ጻፊና ለታጁ ላኪለት፤ ሲመለስ ያመጣልኛል። እኔ አርቅቄልሽ ነበር፤ ቀደድኩት። አልሄድም ካልሽ አልሄድም በዪ። ውኃው ይግባና እሄዳለሁ ካልሽም መብትሽ ነው፤ ባሕሩ መምጣቱ አይቀርም፣ አልዋሽሽም። ለጎረቤቶችሽም ንገሪያቸው፤ ዝርዝሩ ላይ ስልሳ አራት ናችሁ። እኔ በበኩሌ ያ ፊርማ መገኘትን እንጂ መስማማትን እንደማያሳይ፣ ቅጹንም ያዘጋጀሁት እኔ እንደሆንኩ ጽፌ አስገብቻለሁ። የሺዋስ የእንጀራ ገመድዎን አይበጥሱ ብሎ መከረኝ። ይሰሙኝ አይሰሙኝ አላውቅም።

ኡመይርን ሰላም በይልኝ፤ ጀልባውን ለመሸጥ እንዳይቸኩል። ተቅዋን ከነልጆቿ ሳሚልኝ። ጎረቤትሽን ዳሲቱንም ሰላም በያት፤ ስሟ ከስምሽ ቀጥሎ ነው። አንቺን ደግሞ አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ልልሽ ነበር። ወረቀቱ ተነቦልሽ ሳያልቅ ግን አውፍ እንዳትይኝ።

ወንድምሽ ሙሀመድአወል
ገላን ኮንዶሚኒየም፣ አቃቂ ቃሊቲ
ግንቦት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.