ሞዴሉ ምድር ቤት፣ አዋላጇ አራተኛ ፎቅ

ለተከበሩ የቤቶች ግንባታ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ክቡርነትዎ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ከሁሉ በፊት ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? ጉልበትን ማስቀደሜ አይግረምዎ፤ እርስዎ ባስገነቡት ሕንፃ የምንኖር ሰዎች ሰላምታችን ሁሉ ከጉልበት ይጀምራል።

ሕንፃችን በተመረቀ ዕለት፣ በዚያ በሚያምር ድምፅዎ «ኢኮኖሚ ማለት በጥቂት ነገር ብዙ መሥራት ነው» ብለው ሲያስተምሩን፣ መዳፋቸው እስኪቀላ ካጨበጨቡት አንዷ ነኝ። ያን ጊዜ ደረጃውን ገና አልወጣሁትም ነበር። አሁን በየቀኑ ስለምወጣው ትምህርቱ ገብቶኛል፤ እነሆ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ቁጠባ። በፕላኑ ላይ ከፎቅ ፎቅ አሥራ ስምንት እርከን የነበረውን ደረጃ፣ ለሲሚንቶው አስበው አሥራ አራት አስደርገውታል። የፎቁ ቁመት ግን ትእዛዝዎን አልሰማ ኖሮ ባለበት ቀረ። እርከኖቹም የጎደለውን ተከፋፍለው እያንዳንዳቸው ረዘሙ። ሦስተኛ ፎቅ ያለችውን ነፍሰ ጡር መምህርት በየፎቁ ቆማ ወሬ የምትለቃቅም መስሎን ስናማት ከረምን፤ ለካስ ምስኪኗ ትንፋሽ እየሰበሰበች ኖሯል። ሐሜታችንን እንኳ አከሰሩብን።

ሁለተኛ፣ ስለ ፍላጎትና አቅርቦት። ሊፍት ይገባልን ብለን ስናመለክት «ፍላጎቱ በጥናት ሲረጋገጥ አቅርቦቱ ይከተላል» ተባልን። ጥናቱን ላግዝዎ። አራተኛ ፎቅ የሰፈሩን ግማሽ ሕዝብ በእጃቸው የተቀበሉ ጡረተኛ አዋላጅ አሉ። ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ለሕክምና የምናወርዳቸው በወጥ ቤት ወንበር አስቀምጠን ነው፤ ከጎረቤቶቻችን ከፊት መካኒኩ፣ ከኋላ ዳቦ ጋጋሪው ይሸከሟቸዋል። እሳቸውም የለመዱት ሙያ ነውና ከላይ ሆነው «ተንፍስ ልጄ፣ ቀስ ብለህ ተንፍስ፣ ደርሰናል» ይሏቸዋል። ባለፈው ሳምንት ግን መካኒኩ አንዱን እርከን ሳተ። ወንበሩ ተሰባበረ፤ የመካኒኩ ክንድ ተሰበረ፤ እሳቸው እሱ ላይ ወድቀው ተረፉ። ከዚያ ወዲህ «የሰው ልጅ አሰብሬ እኔ አልድንም» ብለው ከቤት መውጣት እምቢ አሉ። ሐኪሙ ደግሞ ሕክምናው ከተቋረጠ ዳግመኛ በእግራቸው አይቆሙም ብሏል። ፍላጎቱ ይኸው ነው፤ በጥናትዎ ይመዝገብልን።

ሦስተኛው፣ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ጨዋነቴን ትንሽ ይፈታተነዋል። ምድር ቤት አንድ ሰፊ ክፍል አለ። መጋረጃና መብራት፣ በበሩም ላይ ትልቅ ቁልፍ አለው። የክፍሉ ነዋሪ ግን በምረቃው ዕለት ያስጎበኙን የሕንፃችን ሞዴል ብቻ ነው። በሞዴሉ ውስጥ ጣት የሚያካክሉ የፕላስቲክ ሰዎች በመስታወት ሊፍት ፈገግ ብለው ቆመዋል። አንድን ቦታ ለአንድ ነገር ስንሰጥ፣ በዚያ ምክንያት የቀረብን ሌላው ጥቅም ዋጋው ነው ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። እንግዲህ የዚህ ክፍል ዋጋ የአንዲት ሴት እግር ሆኗል። ክፍሉ ለአዋላጇ ይሰጥልን ብለን ብናመለክት፣ ቢሮዎ «አመልካቿ በአካል ቀርበው ይፈርሙ» አለን። እሳቸውም ይህን ሲሰሙ «ከፕላስቲኮቹ አንዷ ነኝ ብዬ ብመዘገብ ሳይቀለኝ አይቀርም» አሉ።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ሞዴሉ ጉልበት የሌለው ፍጡር ስለሆነ የትም ቢቀመጥ እንደማያመው ተገንዝበው፣ ክፍሉን እግር ላላቸው ሰው እንዲለቁልን በትሕትና እጠይቃለሁ።

ለሰጡን የጠነከረ ባት በነዋሪው ሁሉ ስም እያመሰገንኩ፣ ከእርከኖችዎ እንኳ የሚበልጥ ከፍ ያለ አክብሮቴን አቀርባለሁ።

ከሁለተኛ ፎቅ፣ ትንፋሿን ሰብስባ የጻፈችልዎ ጎረቤት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ግልጽ ደብዳቤ ለሚያትመው መጽሔት ልልክ ስወርድ የምሥራች አገኘሁ። ክፍሉ ዛሬ ጠዋት ተለቆ ቀለም እየተቀባ ነው። ለማን እንደሆነ ቀለም ቀቢውን ብጠይቀው «ለኃላፊው አማት ነው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል አሉ» አለኝ። እግዜር ይማርልዎ። ሞዴሉን አራት ወዛደሮች እርስዎን እየረገሙ ሽቅብ ተሸክመውት ሄዱ፤ ሌላ ባዶ ቦታ ስላጡ ከአዋላጇ በር ፊት ለፊት አስቀመጡት። ስለዚህ ሁለተኛውን ቅሬታዬን ይሰርዙልኝ፤ ሊፍቱ አራተኛ ፎቅ ደርሷል።