ሰባት ካርቶን፣ ሰባት ፊርማ፣ ኮምፒውተር ግን የለም

ለተከበሩ የመዝናኛ ማዕከላችን ሥራ አስኪያጅና የግዢ ኮሚቴ ሰብሳቢ
በዋናው በር ማስታወቂያ ሰሌዳ፣ የእርስዎ ደብዳቤ በተለጠፈበት ጎን

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። ወገብዎን እንዳመመዎት ሰምቼ አዝኛለሁ፤ በአንድ ወር ውስጥ ሰባት ቃለ ጉባኤ ጎንበስ ብሎ የፈረመ ወገብ ቢያምም አይፈረድበትም፣ ፈጣሪ ይማርልን። እኔ በዚህ ማዕከል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከሽቦ ጋር ስታገል የኖርኩት የጥገና ሠራተኛዎ፣ ማክሰኞ ዕለት ለሠራተኛው ሁሉና ለአላፊ አግዳሚው እንዲታይ ያስለጠፉልኝን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በታላቅ አክብሮት ቆሜ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። በደብዳቤው ላይ «የጨዋታ ኮምፒውተሩ ዕቃዎች ተሟልተው ገቢ ሆነው ሳለ፣ በችሎታ ማነስ ወይም በእንቢተኝነት ሳይገጣጥም ቀርቷል» ተብያለሁ፤ እስከ ዛሬ ዓርብ ካልገጣጠምኩ እርምጃ እንደሚወሰድብኝም ተነግሮኛል። በአደባባይ ለተሰደበ ሰው በአደባባይ መመለስ ነውር አይደለምና መልሴን እዚሁ ለጥፌዋለሁ። ማጣበቂያውን የገዛሁት ራሴ ነኝ፤ በኮሚቴ ተገዝቶ ቢሆን ኖሮ ይህ ወረቀት እስካሁን መሬት ላይ ነበር።

ነገሩን ለማያውቀው አላፊ አግዳሚ ላስረዳ። ማዕከላችን በኮምፒውተር የሚካሄድ የመኪና ውድድር ቡድን አለው። ውድድሩ ስድስት ሰዓት ይፈጃል፤ ሦስት ሾፌሮች በአንድ ኮምፒውተርና በአንድ መሪ በተራ ይነዳሉ። ሾፌሮቻችን አንዲት ነርስ፣ አንዲት ፀጉር ሠሪና ፍሬቻ የምንለው የቀድሞ የጭነት መኪና ሾፌር ናቸው። ፍሬቻ የተባለው ማንም በማይከተለው የጨዋታ መንገድ ላይ እንኳ ፍሬቻ ሳያሳይ ስለማይታጠፍ ነው። ቀኝ እግሩን በአደጋ ካጣ ወዲህ መንገድ ላይ መኪና ነድቶ አያውቅም፤ እዚህ ግን ከአሮጌ ሞተር ሳይክል የፈታሁትን የነዳጅ መስጫ እጀታ ከመሪው ጋር አስሬለት በእጁ ይነዳል፣ ሲነዳም የሚያክለው የለም። አምና ሦስተኛ ሆነን እየሮጥን ሳለ አሮጌው ኮምፒውተር በአራተኛው ሰዓት ተቃጥሎ ሁላችንንም አስለቀሰን። ዘንድሮ አዲስ እንዲገዛልን የለመንነው ለዚህ ነው። ውድድሩ ነገ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ይጀመራል።

አቤቱታዬን በእርስዎ ወግ መሠረት በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ከሁለት ወር በፊት አንድ ገጽ ዝርዝር አቀረብኩ፤ ሰባት ዕቃ፣ ሰባት መስመር። ከሥሩም በቀይ እስክሪብቶ «እነዚህ ዕቃዎች እርስ በርሳቸው ተለክተው የተመረጡ ናቸው፤ አንዱን ከመቀየራችሁ በፊት እባካችሁ ጠይቁኝ» ብዬ ጻፍኩና አሰመርኩበት። ኮምፒውተር መገጣጠም ማለት እኮ ይኸው ነው፤ ከገበያው ምርጥ ምርጡን መልቀም ሳይሆን እርስ በርሱ የሚስማማውን መፈለግ። እርስዎ ግን ሁሉን የሚገዛ አንድ ሰው ይጠረጠራል በሚል ብልሃት ዝርዝሩን በመቀስ ሰባት ቦታ ቆራርጠው ለሰባቱ አባላት አንዳንድ ብጣሽ አደሏቸው። በየብጣሹም ላይ «ወይም ከዚህ የተሻለ» የሚል ቃል በእጅዎ ጨመሩበት። እንዳይመሳጠሩም ዕቃው ገቢ እስኪሆን ድረስ ስለ ግዢው እርስ በርሳቸውም ሆነ ከእኔ ጋር እንዳይነጋገሩ በቃለ ጉባኤ አዘዙ። ያ በቀይ የተጻፈው ማሳሰቢያ ከቁርጥራጩ ጋር ወደ ቅርጫት እንደገባ የጽዳት ክፍል ምስክር አለኝ። እውነቴን ነው፣ ለዚህ ንጽሕና አድናቆቴ ወሰን የለውም፤ አባላቱ አልተመሳጠሩም፣ ዕቃዎቹም አልተመሳጠሩም። ችግሩ የኮምፒውተር ዕቃ ካልተመሳጠረ አይሠራም።

2ኛ. የስፖርት ሜዳው ኃላፊ ፕሮሰሰሩን፣ ማለትም የኮምፒውተሩን አእምሮ፣ ገዙ። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ደግሞ ማዘርቦርዱን፣ ማለትም ሁሉም ነገር የሚሰካበትን ሰሌዳ፣ ገዙ። ሁለቱም ጥሩ ዕቃ ናቸው፣ አልዋሽም፤ ግን የተሠሩት ለየቅል ነው። የፕሮሰሰሩ ሆድ ለጥ ያለ ነው፣ አንድም እግር የለውም፤ የሰሌዳው መቀመጫ ደግሞ ሹል እግር የሚጠብቅ ከሺህ በላይ ቀዳዳ ያለው ነው። ይህን ሳስረዳቸው የስፖርት ሜዳው ኃላፊ «ጠበቅ አድርገህ ተጫነው እንጂ፣ ምን ያሽኮረምምሃል?» ብለው አበረታተውኛል። እግር የሌለውን ነገር ቀዳዳ ውስጥ ለማስገባት የሚያስፈልገው ጉልበት ሳይሆን ተአምር ነው፤ ተአምር ደግሞ በሥራ ዝርዝሬ ውስጥ አልተካተተም።

3ኛ. የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ራሙን፣ ማለትም የኮምፒውተሩን ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ ሲገዙ ከእኔ ዝርዝር የተሻለ ፈልገው አዲሱን ትውልድ አመጡ፤ ቸር ሰው ናቸው። ራሙ ከሥሩ አንዲት ጥርብ፣ ማለትም የተቆረጠች ክፍተት፣ አለችው፣ ከሰሌዳው ጉጥ ጋር የምትገጥመው እሷ ናት። የአዲሱ ትውልድ ጥርብ ያለችው ሌላ ቦታ ነው፤ ይህን ያደረጉትም ሠሪዎቹ ሆን ብለው ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው በግድ እንዳይሰካው። ኮሚቴዎ ግን በአምስተኛው ቃለ ጉባኤ፣ ተራ ቁጥር ሦስት ላይ፣ «ባለሙያው ራሙን በሞረድ በጥንቃቄ እንዲያስተካክል» በሙሉ ድምፅ ወስኗል። ክቡርነትዎ፣ ቀልድ መስሎኝ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከሥሩ ፊርማዎና ማኅተምዎ አለ። ኮፒውን አስቀምጬዋለሁ፤ ስሞት አብሮኝ ይቀበር።

4ኛ. ግራፊክስ ካርዱ፣ ምስሉን የሚያወጣው ትልቁ ዕቃ፣ ሠላሳ አራት ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። የሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ በመብራቱ ማማር የመረጠው ሳጥን ደግሞ ውስጡ ሃያ ዘጠኝ ነው። ሳጥኑ ሲበራ ሰባት ዓይነት ቀለም እንደሚያወጣ አይቻለሁ፤ ለፎቶ ይሆናል። ለካርዱና ለፕሮሰሰሩ ብቻ ከስድስት መቶ ዋት በላይ እንደሚያስፈልግ ዝርዝሩ ላይ አስልቼ ነበር። ጠቅላላ አገልግሎት ክፍሉ ግን ኃይል የሚያድለውን ፓወር ሰፕላይ ባለ አራት መቶ ሃምሳ ገዝቶ፣ ጭራሽ «ኤሌክትሪክ በመቆጠብ» የምስጋና ወረቀት ተቀበለ። እኔም በዚሁ አጋጣሚ አመሰግናለሁ፤ የማይበራ ኮምፒውተር ኤሌክትሪክ እንደማይፈጅ ከእኔ በፊት ደርሰውበታል።

5ኛ. ዲስኩ ትክክል ነው። የገዙት የጽዳት ክፍል ኃላፊዋ ናቸው። ከሰባቱ ውስጥ እሳቸው ብቻ ትእዛዙን ጥሰው ወደ ጥገና ክፍሌ ብቅ ብለው «ይሄ ነገር የትኛው ነው፣ የኔ ወንድም?» ሲሉ ጠየቁኝ። በማግስቱ በእርስዎ ቢሮ በቃል ተገሥጸዋል።

6ኛ. ዕቃው እንደማይገጥም ባወቅሁበት ቀን ወደ ሻጩ ሮጥኩና፣ ሰውዬው በደግነቱ ማሸጊያው ያልተጎዳውን ሁሉ በዚያው ሳምንት ሊለውጥልን ቃል ገባ። ደስ ብሎኝ እየበረርኩ ስመለስ፣ የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ በእርስዎ ትእዛዝ ሁሉንም ካርቶን ከፍቶ፣ ነጭ የዘይት ቀለምና ብሩሽ ይዞ፣ እንደ ወንበርና እንደ ጠረጴዛው ሁሉ በየዕቃው ላይ የንብረት ቁጥር ሲጽፍ ደረስኩ። የፕሮሰሰሩን ቁጥር የጻፈው ሆዱ ላይ፣ በወርቅማዎቹ ነጠብጣቦች ላይ ነው። ለምን እዚያ እንደጻፈ ብጠይቀው፣ ጽሕፈት የሌለበት ንጹሕ ቦታ እሱ ብቻ ሆኖ እንዳገኘው በቅን ልቦና ነገረኝ፤ በእሱ አልፈርድም፣ የታዘዘውን ነው የሠራው፣ የእጅ ጽሕፈቱም ያምራል። ሻጩ ቀለሙን አይቶ በመጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ይቅርታ ጠየቀኝ፣ ከዚያ በሩን ዘጋ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሉታል ይህ ነው።

7ኛ. ከዚህ ሁሉ በኋላ ማስጠንቀቂያ የተጻፈው ለእኔ ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። ስድስት ጊዜ በጽሑፍ አመልክቻለሁ፣ ስድስቱንም ጆሮ ዳባ ልበስ ብለዋል። በመዝገብዎ ላይ «የጨዋታ ኮምፒውተር፣ አንድ፣ የተሟላ» ተብሎ ተጽፏል፤ መጋዘኑ ውስጥ ያለው ግን ሰባት ካርቶን ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ክቡር ሆይ፣ በእኔ መሰደብ አይደለም የተንገበገብኩት፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስሰደብ ቆዳዬ ጠንክሯል። ያቃጠለኝ የረቡዑ ነገር ነው። ፍሬቻ በክራንቹ ተደግፎ መጥቶ ይህ ሰሌዳ ሥር ቆመ፣ ደብዳቤዎን ከላይ እስከ ታች አነበበ፣ ከዚያም ወደ ክፍሌ ገብቶ «እጀታዋን ልፍታና ልውሰዳት? እዚህ አቧራ ከምትጠጣ ብዬ ነው» አለኝ። አልተቆጣም፣ አልተሳደበም። ዓመቱን ሙሉ በየሳምንቱ ሦስት ቀን ሲለማመድ የኖረ ሰው ለሰባት ፊርማ ሲል እጀታውን ፈትቶ ሊሄድ ነበር። ዞር በል፣ ማንም አይፈታትም ብዬ ጮህኩበት፤ መጮህ የነበረብኝ በእሱ ላይ እንዳልነበረ ግን አውቀዋለሁ። ስለዚህ ይኸው ትክክለኛው ሰው ላይ እየጮህኩ ነው፣ በአክብሮት።

ስለ ዕቃ መስማማት አያውቁም ብዬ ግን አልወቅስዎትም። እንዲያውም እርስዎ ይህን ነገር አሳምረው እንደሚያውቁት በዓይኔ አይቻለሁ። ወደዚያ ጉዳይ ከታች እመለሳለሁ።

እስከዚያው፣ ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ መቀስዎ፣ ስለ ማኅተምዎና በተለይም ስለ ሞረዱ ውሳኔ ከልብ አመስግኜ፣ ዕድሜና ጤና፣ ለወገብዎም ምሕረት እየተመኘሁ፣ ችሎታው ያነሰ፣ እንቢተኝነቱ ገና በመጣራት ላይ ያለ፣ ነገር ግን ለቀዳዳ የሚስማማውን እግር ለይቶ የሚያውቅ ታዛዥዎ ሆኜ እቀራለሁ።

የማዕከሉ የጥገና ሠራተኛ
(ፊርማ፣ አንድ ብቻ)

ግልባጭ፦
ለሰባቱ የግዢ ኮሚቴ አባላት፣ በየተራ፣ ሳይነጋገሩ እንዲያነቡት
ለጽዳት ክፍል ኃላፊዋ፣ ከልባዊ ምስጋና ጋር

ድኅረ ጽሑፍ፦ አምና ለሴት ልጅዎ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያዋ ስጦታ የሚሆን የጨዋታ ኮምፒውተር ዝርዝር እንድጽፍልዎ በትሕትና ጠይቀውኝ፣ ይህንኑ ሰባት መስመር ጽፌልዎ እንደነበር ያስታውሱ ይሆናል። ያኔ ኮሚቴ አላቋቋሙም፣ መቀስም አላነሡም። ሱቅ ውስጥ ሆነው ሦስት ጊዜ ደወሉልኝ፤ ሦስተኛው ጥሪ ጥቁሩ ሳጥን አልቆ ነጭ ቢሆን ዕቃው ይስማማ እንደሆነ ለመጠየቅ ነበር። በምግብ ጠረጴዛዎ ላይ ገጣጥሜው በዚያው ከሰዓት በኋላ በርቷል። ልጅዎ ታዲያ ረቡዕ ዕለት በዚህ በኩል ስታልፍ ደብዳቤዎን አነበበችው። ዛሬ ጠዋት፣ እርስዎ ስምንተኛውን ቃለ ጉባኤ ሲያስፈርሙ፣ ኮምፒውተሯን በአጎቷ መኪና ጭና ይዛልን መጣች። እጀታዋም ቦታዋ ላይ ናት፤ ፍሬቻ ሲሞክረው ዋለ፣ እንከን የለውም፣ ነገ እንነዳለን። ስለዚህ ዛሬ ማታ ቤትዎ ሲገቡ የልጅዎ ጠረጴዛ ባዶ ቢሆን ሌባ ገብቷል ብለው እንዳይደነግጡ። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛም ቀለሙንና ብሩሹን ይዞ ወደ ጨዋታ ክፍሉ ድርሽ እንዳይል በትሕትና እለምናለሁ፤ ይህኛው ይሠራል።