ቁጣህ መጣች

ሃዋዬ፣

ሞት ከለየን ወዲህ ማንጎው ይኸው ለሁለተኛ ጊዜ አፈራ። ቆርቆሮውን ይጥሰዋል እያልሽ ስትሰጊ የነበረውን ቅርንጫፍ አስቆርጬዋለሁ፤ ቆራጩ ጉቶውን እንዳገጠጠ ትቶት ስለሄደ ግን እስካሁን አልበረደልኝም። ልጃችን ዘሃራ ተመርቃ ተመልሳለች። ሻዩ ላይ እንዳንቺው ስኳር ታበዛለች።

ዛሬ የምጽፍልሽ ላመሰግንሽ ነው።

በተጋባን ሰሞን አናጢው መደርደሪያውን አጣሞ ሰቀለው ብዬ ስጮህ፣ የበርታኛ ቃና ባለው አማርኛሽ «ቁጣህ መጣች» አልሽኝ። እኔም የወሎ አማርኛዬን እንደ ሕግ ይዤ «መጣ ነው የሚባለው፤ ቁጣ ወንድ ነው» ብዬ አረምኩሽ። «ወንዱስ አንተ ነህ። እሷ እንግዳ ናት፤ ወንበር ስጣትና እስክትሄድ ጠብቅ» ብለሽ ሳቅሽብኝ። ሃያ ምናምን ዓመት አረምኩሽ፤ አንድም ቀን አልታረምሽም። እንኳንም አልታረምሽ።

በቅርቡ የከተማው የውሃ መስመር ለሦስተኛ ጊዜ ፈነዳ። ሰው ጀሪካን ይዞ ቢሮዬ ደጃፍ ቆሟል። ጥፋቱ የቴክኒሻኑ የደረጄ ነው ብዬ ወስኛለሁ፤ በሰው ፊት ከሥራ ላሰናብተው አፌን ከፈትኩ። ሳላስበው «ቁጣዬ መጣች» አልኩ። ደረጄ ወደ በሩ ዞሮ «ጋሼ፣ ማናት የመጣችው?» አይለኝም! ሳቄ አመለጠኝ።

በዚያች ቅጽበት እኔና ቁጣዬ ሁለት ሆንን። እሷ የምታውቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ማን አበላሸው? እሷን ወንበር ላይ አስቀምጬ ሌላ ጠየቅኩ፦ ሦስቱን ፍንዳታ ምን ያመሳስላቸዋል? ቦታው ይለያያል፤ ቧንቧውም፣ የገጠመውም ሰው ይለያያል። የፈነዳውን ቧንቧ ለጊዜው ረስቼ ሦስቱን ባንድነት ሳስባቸው ታየኝ። ሁሉም የፈነዱት መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ነው። ፓምፑ ባንዴ ሲነሳ ውሃው ቧንቧውን እንደ መዶሻ ይመታዋል። አሁን መብራት ሲጠፋ ቫልቩን እንዘጋለን፤ ሲመጣ ቀስ ብለን እንከፍታለን። መስመሩ ጸንቷል፤ ደረጄም ሥራው ላይ ነው። መፍቻ በየሄደበት ይረሳል፤ እኔም እጮህበታለሁ።

መሥሪያ ቤታችን ራስን ስለማወቅ ሥልጠና አዘጋጅቶ ነበር። አሰልጣኙ ቀኑን ሙሉ ሲያወራ እኔ ስክሪኑ ላይ የፊደል ግድፈት ስለቅም ዋልኩ። አንቺ ግን በአንዲት «ች» አስተማርሽኝ።

ትናንት ዘሃራ ላይ ድምፄን ከፍ ሳደርግ ቀና ብላ «አባ፣ ቁጣህ መጣች» አለችኝ። አማርኛዋ እንከን የለውም፤ ያንቺን አነጋገር አውቃ ነው ያስቀረችው። አላረምኳትም። ወንበር ሳብኩ።

ሃዋዬ፣ በሕይወት እስካለሁ በዚህ ቤት ቁጣ ሴት ናት። በመጣች ቁጥር አስታውስሻለሁ። እኔን ደግሞ ታውቂኛለሽ፤ ቶሎ ቶሎ ነው የምትመጣው።

ያንቺው ሰይድ