በፍልሰታ ለዳነው ኩላሊት የቀረበ ምስጋና

ነሐሴ 27 ቀን 1989 ዓ.ም.
መካኒሳ አቦ፣ አዲስ አበባ

ለተከበሩ ዶክተር ሕዝቅኤል
የነቅዐ ጤና ክሊኒክ ባለቤትና የኩላሊትና የፊኛ ሕሙማን ጥናት መሪ

ጉዳዩ፦ ጥርጣሬን በአክብሮት ስለማቅረብ

የተከበሩ ዶክተር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የምጠይቀው ለወጉ ብቻ አይደለም። በዚህ ሰፈር የሰውን ጤንነት በቁጥር ለክተው የሚነግሩን እርስዎ ስለሆኑ፣ የእርስዎን ደግሞ ማን ለክቶ እንደሚነግርዎ ሳስብ እሰጋለሁ። ኩላሊትዎ ሳይደክም፣ ወገብዎ ሳይጎብጥ፣ በክሊኒክዎ መግቢያ በተሰቀለው ፎቶግራፍ ላይ የሚታየው ፈገግታዎ ሳይደበዝዝ ዕድሜዎ ይርዘም።

እኔ ደምሰው ከበበው እባላለሁ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በጉምሩክ ፈታሽነት የሰው ሻንጣ ስከፍት የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ሥራው ሲለቀኝ ጥርጣሬው አብሮኝ ቀረ። ባለቤቴ ወይዘሮ አፀደ እንደምትለው ከሆነ የሠርግ መጥሪያ እንኳ ሲመጣልኝ ፖስታውን ወደ ብርሃን አንስቼ ሳላይ አልከፍተውም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን “የዚህ ሰውዬ ልማዱ ነው” ብለው ቢያልፉት አልቀየምም፤ እሷም ያለፈችው በዚሁ ምክንያት ነው። እኔን ስለማታምንና እርስዎን ስለምታምን ነው ደብዳቤዬን ግልጽ አድርጌ በአደባባይ የጻፍኩልዎ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ከሥሩ ላስረዳ። ባለቤቴ ከኩላሊቷ ወደ ፊኛዋ በሚወርደው ቧንቧ ላይ ጠጠር ተቀርቅሮባት፣ አንዱ ኩላሊቷ ሽንት እየቋጠረ ያበጠባት፣ ሌላውም ብቻውን እየደከመባት ያለች ሴት ናት። የመንግሥት ሆስፒታሉ ጠጠሩ በቀዶ ሕክምና ካልወጣ ያበጠው ኩላሊት ከናካቴው ሊጠፋ እንደሚችል ነግሮን፣ ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ ለነሐሴ 14 ወረፋ ሰጥቶን ነበር። ወረፋው እስኪደርስ ስንጠብቅ ነው የእርስዎ ጥሪ የመጣልን።

በዳግማዊ ትንሣኤ ማግስት ከመካኒሳ እስከ ነፋስ ስልክ ያለነውን ሕሙማንና አስታማሚዎች ሰብስበው ያደረጉልንን ገለጻ አልረሳውም። በሰውነታችን ውስጥ ዝናብ እንደመታው ቆርቆሮ ዝገት እንደሚፈጠር፣ ዝገቱም የታመመ ኩላሊትን እንደሚበላ፣ ቢጫዋ ክኒን ግን ዝገትን የምትከላከል ቫይታሚን መሆኗንና በሐኪሞች ቋንቋ አንቲኦክሲዳንት እንደምትባል አስረዱን። የሰፈሬን ጣሪያ ስለማውቀው ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ክኒኗ ሥራዋን መሥራቷ የሚታወቀው በደም ውስጥ ባሉ ሁለት ጠቋሚዎች፣ በዩሪያና በክሪያቲኒን፣ እንደሆነም ነገሩን፤ ኩላሊት ሲደክም ሁለቱም ይጨምራሉ፣ ሲያገግም ሁለቱም ይቀንሳሉ አሉን። ያን ዕለት የሕሙማኑ ደም ተቀዳ። ለማነጻጸሪያ ጤነኛ ሰው ያስፈልጋል ስለተባለም አስታማሚ ሆኜ የሄድኩት እኔ ክንዴን ዘረጋሁ፤ ለእኔ ግን ክኒን አልተሰጠኝም።

እዚህ ላይ በስህተት ስለጠረጠርኳቸው ነገሮች በይፋ ይቅርታ መጠየቅ ይገባኛል። ክኒኗ ባዶ ትሆናለች ብዬ አንዷን በምላጭ ሰንጥቄ ስመረምራት ዘይቷ ጣቴ ላይ ፈሰሰ፤ አፀደም አይታኝ “እንግዲህ እጅህ ከዝገት ዳነ” አለችኝ። የደም መመርመሪያው መሣሪያ አይሠራም ይሆናል ብዬም ያለ ቀጠሮ ላቦራቶሪዎ ድረስ ብመጣ፣ ሲስተር ጤናዬ ሳይሰለቹ ሲሠራ አሳዩኝ። ስሞች ይቀያየሩ ይሆናል ብዬ ብልቃጦቹ ላይ የተለጠፈውን ስም ሁሉ አነበብኩ፤ አልተቀያየረም። ቫይታሚኗ እውነተኛ፣ መሣሪያው ደህና፣ ሠራተኞችዎም ታማኝ ናቸው። ለአንድ ጡረተኛ ፈታሽ ከዚህ የበለጠ ቅስም የሚሰብር ነገር የለም።

ሁለተኛው ደም ነሐሴ 7 ተቀድቶ፣ ውጤቱ ነሐሴ 11 እሑድ፣ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ በቀበሌው አዳራሽ ተነገረን። ሰሌዳው ላይ በቀይ ጠመኔ የሳሉት መስመር ቁልቁል ሲወርድ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። የአፀደ ዩሪያ ከሰባ ስምንት ወደ ሃምሳ አምስት ወረደ ሲባል እንባዋ መጣ፤ እኔም አልዋሽም፣ ዓይኔን ጠረግኩ። ከዚያ ተነሥታ ስለ ቀዶ ሕክምናው ብትጠይቅዎ “እንዲህ ከቀጠለ ቢላዋ ምን ያደርግልሻል?” ብለው በፈገግታ መለሱላት። ነሐሴ 14 ከጠዋቱ ጀምሮ ልብሷን ለብሳ ቤቷ ተቀመጠች፤ ሆስፒታል አልሄደችም፣ ወረፋዋም ለሌላ ሰው ተሰጠ። ስለዚህ ደግነትዎ ሳላመሰግን ባልፍ ውለታ ቢስ እባላለሁ።

አሁን ምስጋናዬን በተራ በተራ እዘረዝራለሁ።

አንደኛ፦ ሁለት ጠቋሚ እንለካለን ብለው አንዱን ብቻ ስለነገሩን አመሰግናለሁ። አረጋውያን ስለሆንን ብዙ ቁጥር እንዳያደናግረን አስበው ይሆናል። የአፀደን የውጤት ወረቀት ቤት ወስጄ ብመለከተው ክሪያቲኒን የተባለው ከፋሲካ ሰሞን ጀምሮ ካለበት ንቅንቅ አላለም። ወሬውን የሚያበላሽ እንግዳ ከጓዳ እንዲቆይ ይደረጋል፤ እሱም እንደዚያው ሳይደረግ አልቀረም።

ሁለተኛ፦ እኔንም ስላዳኑኝ አመሰግናለሁ። ክኒን ያልዋጥኩት፣ ኩላሊቴን ታምሜ የማላውቀው እኔ፣ ዩሪያዬ ከአርባ ሁለት ወደ ሃያ ዘጠኝ ወርዶልኛል። ምክንያቱን ብጠይቅዎ በጤነኛ ሰው ላይ እንዲህ ያለ መዋዠቅ ያለ ነው ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ያው መውረድ በሚስቴ ላይ ሲሆን ፈውስ፣ በእኔ ላይ ሲሆን መዋዠቅ መባሉ ትንሽ ስላልገባኝ፣ ጥርጣሬዬ ከተኛበት ተነሣ።

ሦስተኛው ምስጋና የእኔ አይደለም፤ የጎረቤቴ የወይዘሮ ቀመሪያ ነው። ወይዘሮ ቀመሪያ ኩላሊታቸው ከደከመ ቆይቷል። ክኒኗን ከሶላት ጋር አያይዘው ሰዓቷን ሳያዛንፉ ሲውጡ ግቢያችን ውስጥ ያላየ የለም። የእሳቸው ዩሪያ ግን አልወረደም። እርስዎም በሰው ፊት አንዳንድ ሕሙማን መድኃኒቱን በአግባቡ ስላልወሰዱ ከጥናቱ ተሰርዘዋል ብለው ስማቸውን ጠሩ፤ ቀጥሎም የተጠሩት ሁሉ የመስጊዱ ሰዎች ሆኑ። እውነቱን ልናገርና ያን ጊዜ ደሜ ፈላ፤ ክሊኒኩ ሰው በሃይማኖቱ ይለያል ብዬ ክስ ለመጻፍ ወረቀት ሁሉ አውጥቼ ነበር። የከለከሉኝ ራሳቸው ወይዘሮ ቀመሪያ ናቸው። “ተው ጋሼ ደምሰው፣ ሰዎቹ ክፉ አይደሉም፣ የእኔ ደም ነው እምቢ ያለው” አሉኝ። መድኃኒቱን እየዋጡ አልዋጡም ተብለው፣ በራሳቸው ደም አፍረው ሲናገሩ መስማት ከባድ ነበር።

አሁን ወደ ሳምቡሳው እመጣለሁ።

ውጤቱ ከተነገረ በኋላ ሠራተኞችዎ ሻይና ሳምቡሳ በትሪ አዞሩልን፤ ስለ መስተንግዶው እግዚአብሔር ይስጥልን። ወይዘሮ ቀመሪያ የሥጋ የለም ወይ ብለው ቢጠይቁ፣ ትሪውን የያዘችው ልጅ ጾም ስለሆነ ሁሉም የምስር ነው አለቻቸው። እኔም የምስር ሳምቡሳዬን በአፌ፣ የውጤት ወረቀቴን በእጄ እንደያዝኩ ማኘክ አቆምኩ።

የተከበሩ ዶክተር፣ የመጀመሪያውን ደም የቀዱን በዳግማዊ ትንሣኤ ማግስት ነው። ያ ሳምንት በክርስቲያን ቤት ምን ሲበላበት እንደሚሰነብት ለእርስዎ አልነግርም፤ አፀደ እንኳ ታማ ሳለች ከዶሮው ወደ በጉ፣ ከበጉ ወደ ቅርጫው ስትል ነበር። ሁለተኛውን የቀዱን በፍልሰታ ነው። የንስሐ አባቷ ሕመምተኛ ነሽ ብለው ቢያሰናብቷትም እምቢ ብላ፣ ከሽሮና ከጎመን በቀር በአፏ አልገባም። እኔ እንደ እሷ ጾመኛ አይደለሁም፤ ግን የሰፈራችን ሉካንዳዎች በፍልሰታ ስለሚዘጉ ሳልወድ በግዴ ጾሜያለሁ። ወይዘሮ ቀመሪያና የመስጊዱ ሰዎች ደግሞ በፋሲካም በፍልሰታም የሚበሉት ያው ነው። እንግዲህ የጾመው ሁሉ ዳነ፣ ያልጾመው ሁሉ አመፀኛ ተባለ፤ ክኒኗ በመካከል ቆማ ጭብጨባውን ተቀበለች።

ጥርጣሬዬን ለሆስፒታሉ ሐኪም ወስጄ ባሳያቸው ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ይዘው፣ አፀደ ምን እየበላች እንደሰነበተች ብቻ ጠየቁኝ። ዩሪያ የሚሉት ሰው ከሚበላው ሥጋ ጋር ከፍ ዝቅ እንደሚል፣ ክሪያቲኒን ግን በጾም ያን ያህል እንደማይታለል ነገሩኝ። ዝገትን የምትከላከለው ክኒን ትጠቅም ይሆናል፣ አትጠቅምም ይሆናል፣ ገና በዓለም የሚጠና ነገር ነው፤ የተቀረቀረ ጠጠር ግን አታወጣም አሉኝ። ጾሙ በተፈታ በሳምንቱ አፀደን ለምኜ ሌላ ላቦራቶሪ አስለካኋት። ዩሪያዋ ፋሲካ ከነበረበት አልፎ ወጥቷል፤ ያ ንቅንቅ ያላለው ክሪያቲኒንም አሁን መውጣት ጀምሯል። እሷ ግን ወረቀቱን አጣጥፋ መለሰችልኝና ያኛው ላቦራቶሪ መሣሪያው የተበላሸ ነው አለች። ጥርጣሬን ከእኔ ተምራ ኖሯል፤ የተማረችው ግን በማይሆንበት ቦታ ነው።

እርስዎ ይህን ሁሉ አላወቁም እንዳልል፣ በየእሑዱ አቦ ቤተ ክርስቲያን ነጠላዎን አጣፍተው ከፊት ቆመው አይዎታለሁ፤ ፍልሰታ መግባቱን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። ያውቁ ነበር እንዳልል ደግሞ ልቤ አልቀበል አለኝ። ከሁለቱ የትኛው እንደሚያስፈራኝ እስካሁን አልለየሁም።

ክስ አልመሠርትም፣ ክሊኒክዎ ይዘጋም አልልም። የምፈልገው አንድ ነገር ነው። አፀደ ከታክሲ ወርደን ዳገቱን ስንወጣ መሐል ላይ ትቆምና ነጠላዋን ታስተካክላለች። ነጠላዋ ግን ምንም አልሆነም፤ ጎኗን ውጋት እየያዛት ነው፣ እኔ እንዳላይ ነው። ሠላሳ ዓመት ሰው የደበቀውን ሳገኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ይህን ግን ባላገኘው በወደድኩ። ፈርቻለሁ፣ ዶክተር። የሆስፒታሉ ሐኪም እስከ መስቀል ድረስ ከመጣች በመሐል አስገባታለሁ ብለዋል፤ ፈርማ መግባት ያለባት ግን ራሷ ናት። እኔ ስናገር ጥርጣሬ ነው፤ እርስዎ ሲናገሩ ሕክምና ነው። ቤታችን ከክሊኒክዎ ጀርባ፣ ከወፍጮ ቤቱ አለፍ ብሎ ያለው ሰማያዊ በር ነው። ጭቃው ጫማዎን ካላስቀየመዎት ብቅ ብለው “ያወረደው ጾሙ ነው፣ ወደ ወረፋሽ ተመለሺ” ቢሏት ይበቃል። ሲመለሱም ወይዘሮ ቀመሪያን፣ በራቸው ከእኛ ቀጥሎ ነው፣ ክኒኗን እንደዋጡ አምናለሁ ቢሏቸው ደግ ነው።

ለሳይንስ ያለዎትን ትጋት፣ ለሰሌዳና ለቀይ ጠመኔ ያለዎትን ፍቅር፣ ለደካሞችም ያለዎትን የማይነጥፍ ፈገግታ እያደነቅሁ፣ ዩሪያዬ እስከሚቀጥለው ጾም ከፍ ብሎ የሚቆየው አክባሪዎ፣

ደምሰው ከበበው
ባልታመመበት የዳነ

ግልባጭ፦
ለቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ
ለወይዘሮ ቀመሪያ፣ በክብር
ለወይዘሮ አፀደ፣ ብታነበው

ማስታወሻ፦ ጥናቱን ለመድገም ካሰቡ የመጀመሪያውን ደም በመስቀል ማግስት፣ ሁለተኛውን በነቢያት ጾም አጋማሽ ቢቀዱ ውጤቱ ከዚህኛው ያማረ ይሆናል፤ ክኒኗን መግዛትም አያስፈልግዎትም። ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ለአፀደ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩላት። ሳምቡሳው ጋ ስደርስ ሳቀች፣ ነጠላዋ ጋ ስደርስ ነጠላዋን አስተካከለች። ስጨርስ “እሱን ዶክተሩ ራሳቸው ይንገሩኝ” አለችና ክኒኗን ከብልቃጡ አውጥታ ውኃ አቀብለኝ አለችኝ። አቀበልኳት።